«የአያት ካሬ»፦ ከትራፊ ክር የተወለደው የኪሮሽ ሥራ ለጀማሪ እንዴት ይሠራል?

በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ሳሎን የገባ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፍበት አንድ ነገር ነበር፤ በቴሌቪዥኑ አናት፣ በሶፋው መደገፊያና በጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ነጭ ዳንቴል። በናይሮቢ ደግሞ የሶፋ ልብስ የሆነው ተመሳሳይ የእጅ ሥራ «ቪታምባ» በሚል የስዋሂሊ ስም ይታወቃል።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ በተቆለመመ አጭር ዘንግ፣ ማለትም በኪሮሽ።

ይሁንና ዳንቴል ለጀማሪ ቀላል መግቢያ አይደለም። ክሩ ቀጭን ነው፤ የኪሮሹም ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የተሳሳተው ቦታ የቱ እንደሆነ ለይቶ ማየት የለመደ ዓይን ይጠይቃል።

በብዙ አገሮች ጀማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ሥራ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ «ግራኒ ስኩዌር» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲተረጎም «የሴት አያት ካሬ» ማለት ነው። ከመሐል ተነሥቶ ዙር በዙር ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ፣ መዳፍ የሚያክል አራት ማዕዘን ነው።

አንዱ ብቻውን የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። መቶዎቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ ብርድ ልብስ ይወጣቸዋል። ለጀማሪ የሚመረጥበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ያልቃል፤ ካልተሳካም ተተርትሮ በዚያው ክር እንደገና ይሠራል።

ከየት መጣ?

«ክሮሼ» በፈረንሳይኛ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአማርኛ ኪሮሽ የሚለው ስም የተገኘውም ከዚሁ ቃል ነው።

ሥራው በአውሮፓ በስፋት የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከታሪኩ ክፉውም ደጉም ምዕራፍ የሚገኘው በአየርላንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብልን ያጠፋው በሽታ አገሪቱን ለከፋ ረሃብ ዳረጋት። በዚያ ዘመን በገዳማትና በትምህርት ቤቶች ኪሮሽ የተማሩ ሴቶች የሠሩት ዳንቴል ወደ ውጭ እየተሸጠ ለቤተሰባቸው የዕለት ጉርስ ሆኗል።

የአያት ካሬ ግን ለሽያጭ ተብሎ ከተሠራው ከዚህ ረቂቅ ዳንቴል የተለየ ጠባይ አለው። ከጥንታዊዎቹ የታተሙ መመሪያዎች አንዱ በ1885 የወጣው «ፕሬሪ ፋርመር» በተሰኘው የአሜሪካ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ነው። መመሪያው ለብርድ ልብስ የሚሆን ካሬ ከቁርጥራጭ የሱፍ ክር እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

አመጣጡ ይህ በመሆኑ የካሬው ቅርጽ ራሱ የቁጠባ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። ከሌላ ሥራ የተረፈ ጥቂት ሜትር ክር ለአንድ ዙር ይበቃል። ሲያልቅ በሌላ ቀለም ይቀጠላል። ዛሬ እንደ ውበት የሚታየው የቀለማት መፈራረቅ መነሻው የክር እጥረት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያም በኋላ ባሉ ዓመታት፣ ልብስ በራሽን በሚከፋፈልባት ብሪታንያ፣ አሮጌ ሹራብ ተርትሮ ክሩን ለሌላ ሥራ ማዋል የተለመደ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ደግሞ ካሬው ከብርድ ልብስነት አልፎ የወጣቶች ሰደርያ፣ ቀሚስና ቦርሳ ሆነ። ዛሬም በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚታዩት የኪሮሽ ልብሶች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፋሽን ልጆች ናቸው።

ምን ያስፈልጋል?

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ኪሮሽ፣ መቀስ፣ እንዲሁም ጫፉ ያልሾለና ቀዳዳው ሰፊ የሆነ የስፌት መርፌ።

የመጀመሪያው ክር ለስላሳ፣ ፀጉር የሌለውና ፈካ ያለ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል። በጥቁር ክር ላይ ቀለበቶቹን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ፀጉር የበዛበት ክር ደግሞ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ሲተረተር እሺ አይልም።

አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ዋጋው ዝቅ ያለና በቀላሉ የሚታጠብ በመሆኑ ለልምምድ ይስማማል። ነገር ግን ሙቀት አይወድም፤ የጋለ ካውያ ያረፈበት ሥራ ቀልጦ ይተኛል፤ ተመልሶም አይነሣም።

ኪሮሹን አንዳንዱ እንደ እርሳስ፣ ሌላው እንደ ቢላዋ ይይዘዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዋናው ክሩን የሚቆጣጠረው ሌላኛው እጅ ነው። ክሩ በሌባ ጣት ላይ ዞሮ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሳይወጠርም ሳይላላም መፍሰስ አለበት። ግራኞች ሁሉንም እንደ መስታወት ምስል ገልብጠው ይሠራሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው።

አራቱ እንቅስቃሴዎች

ካሬው በሙሉ በአራት እንቅስቃሴዎች ይሠራል። የመጀመሪያው ሸምቀቆ ነው። ከክሩ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ አንድ ቀለበት ይሠራል፤ ከጥቅሉ የሚመጣው ክር በዚያ ቀለበት ውስጥ ተስቦ ሌላ ቀለበት ይወጣል። ይህም ኪሮሹ ላይ ገብቶ ሳይጨመቅ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ሰንሰለት ነው። ክሩ አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ይጠመጠምና በመንጠቆው ተይዞ በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ይሳባል። አንድ መሳብ አንድ ሰንሰለት ነው።

ሦስተኛውና የካሬው አካል የሆነው በዚህ ጽሑፍ «ቋሚ» ተብሎ የተጠራው ነው። በመጀመሪያ ክሩ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ኪሮሹ በሚፈለገው ክፍተት ገብቶ ክር ይዞ ይወጣል። አሁን ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበቶች ይኖራሉ። ክሩ ዳግም ተጠምጥሞ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ይሳባል፤ እንደገና ተጠምጥሞ በቀሩት ሁለት ውስጥ ይሳባል። በመጨረሻ አንድ ቀለበት ብቻ ይቀራል፤ አንድ ቋሚም ይቆማል።

አራተኛው ማያያዣ ነው። ኪሮሹ በሚያያዘው ቦታ ይገባል፤ ክሩን ይዞም በቦታውም በቀለበቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ቁመት የለውም፤ ሥራው የዙርን መጀመሪያና መጨረሻ ማገናኘት ነው።

ከእንግሊዝኛ መመሪያዎችና ቪዲዮዎች የሚማር ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ወጥመድ አለ። ይኸው ቋሚ በአሜሪካውያን «ደብል ክሮሼ»፣ በብሪታንያውያን «ትሬብል ክሮሼ» ይባላል። ብሪታንያውያን «ደብል» የሚሉት ሌላ፣ አጭር ስፌት ነው። መመሪያው «ሲንግል ክሮሼ» የሚል ቃል ካለው የአሜሪካውያን ነው፤ ብሪታንያውያን በዚህ ስም አይጠቀሙም።

ዙር በዙር

ሥራው የሚጀምረው ከመሐል ነው። አራት ሰንሰለት ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር በማያያዣ ተገናኝቶ ትንሽ ክብ ይሆናል።

ለመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ይሠራል፤ ይህ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራል። ከዚያ በክቡ ውስጥ ሁለት ቋሚ ይጨመራል። በአንድ ቦታ አብረው የቆሙት እነዚህ ሦስት ቋሚዎች አንድ «ዘለላ» ናቸው። ቀጥሎ ለጥግ የሚሆን ሁለት ሰንሰለት ይሠራል። ከዚያም ሦስት ቋሚና ሁለት ሰንሰለት በቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዙሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰንሰለቶች አናት ላይ በማያያዣ ይዘጋል። አራት ዘለላዎችና አራት የጥግ ክፍተቶች ይታያሉ።

ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው በአንዱ የጥግ ክፍተት ውስጥ ነው። በማያያዣ ወደዚያ መሄድ ወይም አዲስ ቀለም እዚያው መጀመር ይቻላል። በእያንዳንዱ ጥግ ሦስት ቋሚ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና ሦስት ቋሚ ይሠራል። የዙሩን የመጀመሪያ ቋሚ እንደ በፊቱ ሦስት ሰንሰለት ይተካዋል። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲታለፍ በመሐል አንድ ሰንሰለት ይሠራል።

ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ በጎኖቹ ላይም ክፍተት ይኖራል። በጥግ ሁለት ዘለላ በመሐላቸው ሁለት ሰንሰለት፤ በጎን ክፍተት አንድ ዘለላ፤ በዘለላዎች መካከል አንድ ሰንሰለት። ሕጉ ይኸው ነው። ካሬው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ አራት ዙርም ይሁን አርባ፣ ሌላ ሕግ አይጨመርበትም። ከአንድ ካሬ ብቻ የተሠራ ሙሉ ብርድ ልብስ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ስሕተትን በቆጠራ መያዝ

ካሬው ለጀማሪ ራሱን የሚያርምበት ቀላል ሒሳብ አለው። በእያንዳንዱ ጎን የሚታዩት ዘለላዎች ብዛት ከዙሩ ቁጥር ጋር እኩል ነው። በሁለተኛው ዙር ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት ዘለላ በየጎኑ ሊገኝ ይገባል። አንዱ ጎን ከጎደለበት የተዘለለ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ቅርጹም ይናገራል። ካሬው ወደ ክብ ካደላ ከጥጎቹ አንዱ ሁለተኛ ዘለላውን ወይም ሁለቱን ሰንሰለት አጥቷል። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተሸበሸበ አንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ቋሚ ተሠርቷል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከታጠፈ ደግሞ እጁ ክሩን አጥብቆ ይዟል፤ እጅን ማላላት ወይም በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ኪሮሽ መያዝ ያስተካክለዋል።

ዙሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲሠሩ ካሬው ትንሽ የመጠምዘዝ ጠባይ ያሳያል። ይህ የጀማሪው ጥፋት አይደለም። ብዙ ሠራተኞች በየዙሩ ሥራውን ወደ ጀርባው እየገለበጡ ይከላከሉታል።

ሲበላሽ ያለው መፍትሔ መተርተር ነው። በዚህ ረገድ ኪሮሽ ከሹራብ ይልቅ ለተማሪ ይራራል። በሹራብ ሥራ በመርፌዎቹ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ክፍት ቀለበቶች ስለሚኖሩ አንዱ ካመለጠ ወደ ታች እየተፈታ ይወርዳል። በኪሮሽ ግን በአብዛኛው ክፍት የሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ኪሮሹ ቢወልቅ ያ አንድ ቀለበት ተፈልጎ ይመለሳል፤ ስሕተት ቢገኝ ክሩ እስከዚያ ቦታ ድረስ ተስቦ ሥራው ይቀጥላል።

ይኸው ምሕረት ግን ተቃራኒ ገጽታ አለው። ጫፉ ያልታሰረ ካሬ በአንድ መሳብ ሙሉ በሙሉ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻ ክሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጥና በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አልፎ ይጠብቃል። ቀጥሎ የተረፈው ጫፍ በስፌት መርፌ ተይዞ በቋሚዎቹ ሥር ወዲያና ወዲህ እየተሰካ ይደበቃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰካ ጫፍ ከጥቂት እጥበት በኋላ ሾልኮ ይወጣል።

ከአንድ ካሬ እስከ ብርድ ልብስ

ካሬዎቹ ከመገጣጠማቸው በፊት በውኃ ረጥበው፣ በፎጣ ላይ በእኩል መጠን ተወጥረውና በስፒል ተይዘው ቢደርቁ ጥጎቻቸው ይስተካከላሉ። ከዚያ በመርፌ ይሰፋሉ ወይም በኪሮሽ ይያያዛሉ።

ከመጀመር በፊት ማስላት ግን ብልህነት ነው። አንዱ ካሬ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 100 በ150 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ 150 ካሬ ያስፈልጋል። አራት ዙር ያለው አንድ ካሬ 40 ዘለላ ወይም 120 ቋሚ አለው። ለ150 ካሬ ይህ 18,000 ቋሚ ይሆናል።

እጁ የለመደ ሰው አንዱን ካሬ በ20 ደቂቃ ቢጨርስ ሥራው 50 ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዱ ካሬ ሦስት ቀለም ካለው ደግሞ ስድስት ጫፍ ይተርፈዋል፤ በጠቅላላው 900 ጫፍ መደበቅ አለበት ማለት ነው። ብዙ ብርድ ልብሶች በቁም ሣጥን ውስጥ ሳያልቁ የሚቀሩት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጫፉን ካሬው ባለቀ ቁጥር ወዲያው መደበቅን የሚመክሩት ለዚህ ነው።

የእጅ ሥራ ዋጋ

ይህ ስሌት ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለገዢውም ይጠቅማል። ሹራብና ጨርቅ በማሽን መሠራት ከጀመሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። ኪሮሽን ግን እስከ ዛሬ በፋብሪካ ደረጃ የተካ ማሽን የለም። የኪሮሽን መልክ የሚያስመስሉ ጨርቆች በማሽን ይመረታሉ፤ የተሠሩበት ዘዴ ግን ሌላ ነው። እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ የሆነ ልብስ በየትኛውም ሱቅ ቢሰቀል፣ እያንዳንዱን ቋሚ የሠራው የሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ብርድ ልብስ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው መገጣጠሙ ሳይቆጠር ከስድስት ቀን በላይ ሥራ ነው። የክሩን ዋጋ ብቻ አስልቶ የሚከራከር ገዢ ይህን ሁሉ ቀን በነጻ እየጠየቀ ነው። በጣም ርካሽ ሆኖ የቀረበ የኪሮሽ ልብስም ለሠሪው ምን ያህል ተከፈለው የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ጥያቄው ለአካባቢው አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዳንቴል ሸጠው ቤታቸውን የደጎሙ፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ሥራው ከቤት ጣጣ ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም ማታ ማታ ስለሚሠራ ሰዓቱን የሚቆጥርለት አልነበረም። አንድ ካሬ በራሱ እጅ የሞከረ ሰው ግን ያን ሰዓት በጣቶቹ ያውቀዋል።

ለሌላው የሚሠራ፣ ለራሱም የሚያሳርፍ

ካሬው በብዙ ሰዎች እጅ ተሠርቶ አንድ ላይ መገጣጠም መቻሉ ለበጎ አድራጎት ተመራጭ አድርጎታል። በደቡብ አፍሪካ ኬሮሊን ስታይን የጀመሩት «67 ብርድ ልብስ ለኔልሰን ማንዴላ ቀን» የተሰኘው እንቅስቃሴ በሹራብና በኪሮሽ የተሠሩ ብርድ ልብሶችን ለችግረኞች ያከፋፍላል። ቁጥሩ የተወሰደው ማንዴላ ሕዝባቸውን ካገለገሉባቸው 67 ዓመታት ነው።

ለሠሪውም የሚተርፈው ጥቅም አለ። በ2020 የታተመ የአውስትራሊያው ወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከ8,000 በላይ ኪሮሽ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሥራው እንደሚያረጋጋቸው ተናግረዋል። መልስ ሰጪዎቹ አስቀድመው ኪሮሽን የወደዱ ሰዎች መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ጥናቱ ኪሮሽ በሽታ ይፈውሳል አላለም።

ለረጅም ሰዓት ያለ ዕረፍት መሥራት የእጅ አንጓንና አውራ ጣትን ሊያሳምም ይችላል። እጅ መድከም ሲጀምር ማቆም፣ ጣቶችን ማፍታታትና ኪሮሹን ላላ አድርጎ መያዝ ይበጃል።

የመጀመሪያው ካሬ በአብዛኛው ጠማማ ይወጣል። አንዱ ጥግ ይሾላል፣ ሌላው ይደፈጠጣል። ሁለት ምርጫ አለ፤ ተርትሮ በዚያው ክር እንደገና መጀመር፣ ወይም ጫፉን አስሮ እንዳለ ማስቀመጥ። ያስቀመጠው ሰው ከአሥረኛው ካሬ ጎን ሲያደርገው እጁ ምን ያህል መንገድ እንደሄደ ማንም ሳይነግረው ያያል።